አባይ በረሃ ላይ የጠፋው መኪና፣ መጋዘን ውስጥ የጠፋው ክምር

ጥያቄ፦ «ቡሬ አካባቢ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ሁለት ችግር አለብን። የጭነት መኪኖቻችን ጂፒኤስ ተገጥሞላቸዋል፤ አባይ በረሃ ሲገቡ ግን ስክሪኑ ላይ ደጀን አፋፍ ላይ ቆመው ይቀራሉ፣ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሁለተኛ፣ መጋዘናችን ሰፊ ስለሆነ የትኛው የበቆሎ ክምር የት እንዳለ እየጠፋብን ተቸግረናል። በስልክ ጂፒኤስ ልንመዘግብ ሞክረን ነጥቡ አንዴ ከግቢው ውጭ፣ አንዴ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። አንድ አቅራቢ ጣራው ላይ ‹የጂፒኤስ ማጉያ› እንትከል ይለናል፤ ሌላው በብሉቱዝ በሴንቲሜትር የሚያሳይ አለኝ ይላል። ጂፒኤስን የሚተካ በሬዲዮ የሚሠራ ቴክኖሎጂ ወጥቷልም ይባላል። የትኛውን እንግዛ?»

ምላሽ፦ ሁለቱን ችግር አንድ ያስመሰለው ስሙ ነው። መኪና ላይ የሚገጠመውን ሳጥን በሙሉ «ጂፒኤስ» ማለት ለምደናል። ሳጥኑ ግን ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሳተላይቶችን አዳምጦ ያለበትን ቦታ ያሰላል፤ ከዚያ ያሰላውን ውስጡ ባለው ሲም ካርድ በሞባይል ኔትወርክ ወደ ቢሮዎ ይልካል። ሳተላይቱ መኪናዎን አያየውም። እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ያሰራጫል እንጂ ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ስለዚህ «ጂፒኤሱ ጠፋ» ሲባል ቀድሞ መለየት ያለበት፣ መኪናው ያለበትን አላወቀም ወይስ አውቆ መናገር አልቻለም የሚለው ነው።

አባይ በረሃ ላይ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ሸለቆው ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ግን አፉ ሰፊ ነው፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ብዙ ሰማይ ያያል። ቦታ ለማስላት አራት ሳተላይት ይበቃል። የዛሬዎቹ ተቀባዮች ደግሞ የአሜሪካኑን ጂፒኤስ ብቻ ሳይሆን የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አንድ ላይ ማዳመጥ ይችላሉ። የሚቋረጠው የስልኩ ታወር ነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ተራራው በመሀል ይገባና ሲም ካርዱ የሚያናግረው ያጣል፤ ስክሪንዎ ላይም መኪናው መጨረሻ ኔትወርክ ያገኘበት አፋፍ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

በግምት ግን አይያዙት። ትራከሩን (ያንን መከታተያ ሳጥን) ከሸጠልዎ ድርጅት የአንድ ጉዞ ጥሬ መዝገብ ይጠይቁ። እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ሰዓት አለው፤ ቦታው የተሰላበትና መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ የደረሰበት። ሲያነቡ ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ሳጥኖች የሚመዘግቡት የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው። 03፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ይህን ያልለየ አለቃ ሾፌሩን «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማን ንዳ አለህ» ብሎ ሲያፋጥጥ አይቻለሁ። የበረሃው ነጥቦች በሙሉ በየደቂቃቸው ተሰልተው፣ ግን መኪናው ጎሐ ጽዮን ሲወጣ አንድ ላይ ግር ብለው ከደረሱ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ የሚገዛ ነገር የለም። ነጥቦቹ ጭራሽ ከሌሉ ሳጥኑ ኔትወርክ ሲያጣ በማስታወሻው ማቆየት አይችልም፣ ወይም ያ አሠራር አልተከፈተለትም፤ እንዲከፈት ያዝዙ። ነጥቦቹ ኖረው የሳተላይቱ ቁጥር ሦስትና አራት ብቻ ከሆነ፣ ገጣሚው አንቴናውን ብረት ሥር ደብቆታል ማለት ነው። ሾፌር እንዳይነቅለው ተብሎ ከጋቢናው ብረት ኋላ የተወሸቀ አንቴና በየመኪናው ሞልቷል። ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ በላዩ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ብቻ ወዳለበት ቦታ ማውጣት ነው።

«በሳተላይት ፈንታ በስልክ ታወር ቦታውን ማወቅ አይቻልም ወይ?» የሚለውን ሐሳብ በዚህ መንገድ ላይ ይተዉት። በቀድሞው የጂኤስኤም አሠራር ታወሩ የስልኩን ርቀት የሚለካው በ550 ሜትር ገደማ እርከን ነው። በ4ጂና በ5ጂ ላይ እጅግ የተሻለ ዘዴ ተሠርቷል፤ ግን አብዛኛው ስልኩ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ታወር እንዲሰማ ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ ይገኛል። በረሃው ውስጥ ችግርዎ የታወር እጦት ሆኖ ሳለ መፍትሔውን ከታወር መፈለግ ውኃ ከደረቀ ጉድጓድ መቅዳት ነው። መኪናውን በየደቂቃው ማየት የግድ ካልዎት፣ ያለው መንገድ በሳተላይት መልእክት የሚልክ ሳጥን ነው፤ በየወሩ ያስከፍላል፤ ለበቆሎ ጭነት አያዋጣም። ይልቅ ካለፉ ጉዞዎችዎ መዝገብ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጫነ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚጨርስ ያውጡና፣ ከዚያ ሲያልፍ ብቻ ደወል የሚሰጥ ደንብ ሲስተሙ ላይ ያስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ቀን ፀሐይ ከገባች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሰማዩ ክፍት ሆኖም ቦታው ሲዘል ካዩ፣ ሳጥኑን አይውቀሱት። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ ቀበቶ ላይ የላይኛው ከባቢ አየር ከምሽት በኋላ ይናወጥና የሳተላይቱን ሲግናል ያንቀጠቅጠዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰዎች ጉዳዩን ሲያጠኑት ቆይተዋል። ጭነት ለሚከታተል ሰው ችግሩ አልፎ ሂያጅ ነው፤ የመሬት ልኬት ለሚሠራ ግን ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ «ጂፒኤስን የሚተካው»። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም ከጂፒኤስ ይቀድማል። ሎራን የሚባለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጀመረ ነው፤ ኋላ የመጣው ሎራን ሲ ከመሬት ላይ ግዙፍ ማማዎች በ100 ኪሎኸርዝ እያሰራጨ መርከብን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይመራ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ዘጋችው፤ ሳተላይቱ ይበቃል ተብሎ። ከዚያ ጃመር፣ ማለትም ሲግናል የሚያፍን መሣሪያ፣ በዛ። ደቡብ ኮሪያ ከሰሜን የሚመጣው ጃመር መርከቦቿን ሲያውክባት የተሻሻለውን ኢሎራን ወደ መዘርጋት ዞረች። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ባልቲክና ምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን ላይ የአውሮፕላን ጂፒኤስ መታወክ የዕለት ዜና ሆኗል። ጥናቱ የተሟሟቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከተሠሩት ውስጥ የሚያስገርሙ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ለኢንተርኔት የተላኩትን የስታርሊንክ ሳተላይቶች ሲግናል፣ ይዘቱን ሳይፈቱ፣ ሲያልፍ ብቻ አዳምጠው ያሉበትን ቦታ በ8 ሜትር አካባቢ ስህተት አግኝተዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ሎካታ የተባለ ኩባንያ በቂ ሰማይ በማይታይባቸው ጥልቅ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች አፋፍ ላይ የራሱን አሰራጮች ተክሎ ማሽኖች እንዲመሩበት አድርጓል።

ግን የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር የ11 ኩባንያዎችን ቴክኖሎጂ ጎን ለጎን ፈትኖ በ2021 መጀመሪያ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ጂፒኤስን ብቻውን በሁሉም ቦታ ሊተካ የሚችል አንድም አላገኘም። አንዱ ሰዓት ለማስተካከል ይሆናል፣ አንዱ ለወደብ፣ አንዱ ለቤት ውስጥ። አብዛኞቹ ደግሞ መሬት ላይ የሆነ ነገር መትከልን ይጠይቃሉ፣ ወይም ሌላው የተከለው ቅርብ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ የኢሎራን ማማ የለም። ስለዚህ «ጂፒኤስን ይተካል» ብሎ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሰው ጥያቄዎ አንድ ነው፦ አሰራጩ የት ተተክሏል?

የመጋዘኑ ነገር ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የጂፒኤስ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ የሚያሰራጨው የአንድ አሮጌ አምፖል ያህል ኃይል ነው። መሬት ሲደርስ ከተቀባዩ የራስ ጫጫታ በታች ይሆናል፤ ስልክዎ የሚያገኘው ኮዱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የብረት ማገር ያለበት መጋዘን ውስጥ በቀጥታ የሚገባ የለም። በበሩና በመስኮቱ የሚሾልከው ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ነጥሮ የመጣ ነው። ቦታ የሚሰላው ሲግናሉ በፈጀው ጊዜ ስለሆነ፣ ከአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ዕጅ ብቻ ቢዘገይ 30 ሴንቲሜትር ይሳሳታል። ግቢ ዞሮ የመጣ ሲግናል መንገዱ በ60 ሜትር ከረዘመ ስልክዎ ሳያፍር አስፋልቱ ላይ ያስቀምጥዎታል። ስልኩ አልተበላሸም።

ጣራ ላይ «ማጉያ» እንትከል ላለዎት ሰው መልሱ አይሆንም ነው፤ ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቅዎ ይህን ነው። ዕቃው ጣራ ላይ ያለው አንቴና የሰማውን በሽቦ አውርዶ ውስጥ ያሰራጫል። ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ደስ ብሎት «ሳተላይት አገኘሁ» ይላል፤ የሚያሳየው ግን የጣራውን አንቴና ቦታ ነው። በሩ ላይ ቢቆሙም ጥጉ ውስጥ ቢቆሙም ነጥቡ አንድ ቦታ ነው። ሃንጋር ውስጥ የአውሮፕላን መሣሪያ ለመሞከር ይጠቅማል፤ ክምር ለመለየት አይጠቅምም። በዚያ ላይ ከግድግዳው አልፎ ከወጣ በአጠገብ የሚያልፈውን መኪና ትራከር ያሳስታል። እንዲህ ያለ አሰራጭ ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚተከል ነገር አይደለም።

ብሉቱዙ ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ «ሴንቲሜትር» ላይ ነው። ተራው የብሉቱዝ ቢከን (ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ አሰራጭ) ርቀት የሚገመትበት በሲግናሉ ጥንካሬ ነው፦ ደከም ካለ ርቋል፣ በረታ ካለ ቀርቧል። ይህን አንድ መጋዘን ውስጥ እንድፈትን ተጠርቼ ነበር። ምሰሶ ላይ ካለው ቢከን በሜትር ለክቼ 3 ሜትር ላይ ኖራ አሰመርኩና ስልኩን ሸሚዝ ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ፊቴን ወደ ቢከኑ ሳዞር ስክሪኑ በትክክል አስቀመጠኝ። እዚያው ኖራው ላይ ዞሬ ጀርባዬን ስሰጠው ሲግናሉ 10 ዴሲቤል ያህል ወረደ፣ ማለትም ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ቀነሰ፤ ነጥቡም ቀጣዩ መደዳ ውስጥ ገባ። አንድ እርምጃ አልተራመድኩም። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጣል። 10 ዴሲቤል በቀመሩ ሲገባ 3 ሜትሩን 9 ሜትር ተኩል ያደርገዋል። ዕቃውን ያመጣው ልጅ «ጌታዬ፣ ስልኩን ከፍ አርገው ይያዙት» አለኝ። ኩንታል የተሸከመ ጫኝና አውራጅ ስልክ ከፍ አድርጎ አይዞርም።

ተመራማሪዎች ይህን ድክመት ለማለፍ ካርታ መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል የወጣው ራዳር የተባለ ሥራ የዚህ ዘዴ አባት ሊባል ይችላል። በየሜትሩ እየቆሙ ከየአሰራጩ የሚሰማውን ጥንካሬ ይመዘግባሉ፤ በኋላ ስልኩ የሚሰማውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳስላል። ቢሮ ኮሪደር ውስጥ ጥቂት ሜትር ድረስ ይሄዳል። የእርስዎ መጋዘን ግን ቢሮ አይደለም። በቆሎው ገብቶ በጥር አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላና በነሐሴ ወለሉ ሲታይ፣ ለሬዲዮ ሞገድ ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ናቸው። በነሐሴ የሠሩት ካርታ በጥር ይዋሻል፤ በጥር የሠሩት ደግሞ ማዳበሪያው ሲገባ ይዋሻል። ዓመቱን ሙሉ ካርታ ሲያድሱ ሊኖሩ ነው።

የጊዜ ልኬት የሚሠሩት ከዚህ ይሻላሉ፤ የጥንካሬን ሳይሆን የጉዞ ጊዜን ነው የሚቆጥሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዋይፋይ ደረጃ ይህን ይችላል፤ አንድሮይድ ከ9ኛው ጀምሮ ተቀብሎታል፤ ሰማይ ሳይሆን ራውተር እያዩ 1 ወይም 2 ሜትር ድረስ ይደርሳል፤ ስልኩም ራውተሩም የሚደግፉት መሆን አለባቸው። ከሁሉም የላቀው አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው ነው። በጣም አጫጭር ምት ስለሚልክ ቀድሞ በቀጥታ የደረሰውን ከኋላ ነጥሮ ከመጣው መለየት ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 አይፎን 11 ውስጥ ያስገባው እሱን ነው። በቀጥታ ሲተያዩ ከ10 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ አቅራቢዎች ብሮሹር ላይ የሚጽፉት ይህን ነው። «በቀጥታ ሲተያዩ» የሚለውን ቃል ግን አይጽፉትም። በታግ (ክምሩ ላይ በሚደረገው ትንሽ መለያ) እና በአሰራጩ መሀል አምስት ሜትር የተከመረ በቆሎ ሲገባ ቀጥተኛው ምት ይሞታል፤ ሳጥኑም የመጀመሪያውን ነጠራ ቀጥተኛ ነው ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ አሰራጮቹ ከክምሩ ጫፍ በላይ፣ ከጣራው ብረት ግን ራቅ ብለው፣ እያንዳንዱ ኮሪደር ከአራት ያላነሰ እንዲያይ ሆነው መተከል አለባቸው። ያ ሽቦ ነው፣ መብራት ነው፣ አይጥ የሚበላው ነገር ነው።

ነጋዴ የማይነግርዎ ሌላም አለ። ነቀዝ ለመግደል የምትጠቀሙበት የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል የሚለቀው ፎስፊን መዳብን ያዝጋል። ሸራ ሥር የቀረ ታግ በተደጋጋሚ ሲታጠን ሊበላሽ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ታግ የሚነግርዎ ታጉ ያለበትን እንጂ እህሉ ያለበትን አይደለም። ግማሹ ክምር ለሽያጭ ወጥቶ የቀረው ወደ ጥግ ሲገፋ፣ ታጉ ወድቆ ወለሉ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ሲስተሙ እዚያው በእርግጠኝነት ያሳይዎታል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ሬዲዮ አይግዙ። ክምር በራሱ አይራመድም፤ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው፤ ያንን ሰው በሚያንቀሳቅስበት ሰዓት መመዝገብ ነው ያለብዎት። ወለሉን በቀለም በመደዳ ይክፈሉ፣ ምሰሶዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው፣ ክፍሎቹን በቁጥር ይሰይሙ። በየምሰሶው በዓይን ከፍታ፣ ላሚኔት የተደረገ ትልቅ ጽሑፍና ኪውአር ኮድ ይለጥፉ፤ ጆንያው ላይ አይደለም፣ ምሰሶው ላይ። ቢን ካርዱ (የክምሩ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ «ቦታ» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። ክምር ሲገባ፣ ሲከፈል፣ ሲዛወር ስቶር ኪፐሩ ኮዱን በስልኩ ካሜራ አንብቦ ያስገባል፤ ያ ካልሆነ የመውጫ ወረቀት አይፈረምም። ክምሩን ከግድግዳው አንድ ሜትር ማራቅ ለማጠንና ለመፈተሽ እንደሚጠቅም ያውቃሉ፤ ኮዱም የሚነበበው በዚያው ክፍተት ነው። አሰልቺ ነው፣ ብሮሹር የለውም። ሳምንት ይፈጃል፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

አልትራ ዋይድባንድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል፦ ከአንድ በላይ ፎርክሊፍት በሰው መሀል ሲሽከረከርና ግጭት ሲያሰጋ፣ ወይም የሚዛወረው ጭነት በሰዓት ብዙ ጊዜ ሆኖ ሰው መመዝገብ ሲያቅተው። ያ ቀን ሲደርስ አቅራቢውን በነሐሴ አይጥሩት። በጥር፣ መጋዘኑ ሞልቶ፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ ሳለ ይምጣ። ወለሉ ላይ 20 ነጥብ በኖራ ምልክት ያድርጉ፤ አምስቱ በክምሮች መሀል በጠበበው መተላለፊያ ይሁኑ። ትክክለኛ ቦታቸውን በሜትር ለክተው ይያዙ፣ ለእሱ አይንገሩት። ታጉን በየነጥቡ እያስቀመጡ ሲስተሙ ያለውን ይጻፉና የ20ውን ስህተት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩ። አማካዩን ሊያሳይዎት ይቸኩላል፤ እርስዎ 19ኛውን ይመልከቱ፤ ከ20 ልኬት 19ኙ ከእሱ አይበልጡም። የክምሮችዎ ወርድ 6 ሜትር ከሆነና 19ኛው ቁጥር ከ3 ሜትር ከበለጠ፣ ክምር ከክምር አይለይምና ውል አይፈርሙ።